የጋሼን ንግግር ስናቃና

የሰፈራችን ቅሬ አዲስ አዳራሽ ሠራ። ምርቃቱ ሲቃረብ የቅሬው ሰብሳቢ በእጃቸው የጻፉትን የንግግር ረቂቅ በፕላስቲክ አቃፊ ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ፣ በቀይ እስክሪብቶሽ እይልኝ» አሉኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ አማርኛ ስለማስተምር በሰፈሩ የሚጻፍ ነገር አብዛኛው በእጄ ያልፋል፤ የሠርግ መጥሪያ፣ ማመልከቻ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ሳይቀር። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ንግግር ነው። ደብዳቤ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ይላል፤ ንግግር የሚያደርግ ሰው ግን ከነቃሉ ጎረቤቱ ፊት ይቆማል። ቃሉ የእሱ ካልሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቅበታል።

ከወሎ ውጭ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ መዝገብ የያዘ ነው። የሰብሳቢውን ስም ለመጥቀስ ፈቃድ ስላልጠየቅሁ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘው ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ አሰብ ሲመላለሱ ኖሩ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞረው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። ጨዋታቸው ደግሞ ልዩ ነው። እሳቸው ያሉበት ቡና ላይ በረካው ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው አላየሁም።

ረቂቁ ግን እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «በዛሬው ዕለት በዚህ ታላቅና ታሪካዊ መድረክ ላይ በመገኘት ይህንን ንግግር ለማድረግ በመብቃቴ የተሰማኝን ጥልቅ ደስታ ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል።» አራቱም ገጽ በዚህ መልክ የሄደ ነው። ጋሼን የሚያውቅ ሰው ቃላት ያጥራቸዋል ብሎ አያምንም።

እንዲህ የሚጽፉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። መድረክ ላይ የሚሰማው አማርኛ ለብዙ ዘመን የስብሰባና የመግለጫ አማርኛ ሆኖ ቆይቷል። ሰው ማይክሮፎን ሲሰጠው የገዛ አንደበቱ የማይመጥን ይመስለዋል፤ ከሬዲዮ የሰማውን ይዋሳል። ጋሼም ይህን የጻፉት ለጉዳዩ ክብር ለመስጠት ነው። ስለዚህ «ይህ አይሆንም» ብሎ በቀይ መሰረዝ ክብራቸውን መንካት ይሆንብኛል። ደግሞም አራት ገጽ ባዶ ሐረግ ብሰርዝላቸው የምተካው የራሴን ሐረግ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ንግግሩ የአስተማሪ ይሆናል እንጂ የጋሼ አይሆንም።

ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ፈቃዳቸውን ጠይቄ የስልኬን መቅጃ ከፈትኩና «ጋሼ፣ ለሰፈሩ እንግዳ እንደሆንኩ ቆጥረው ይንገሩኝ፤ ቅሬው እንዴት ተጀመረ?» አልኳቸው።

«የመጀመሪያው ድንኳናችን እኮ የእኔ ተሳቢ ሸራ ነው» አሉ። «ከአሰብ ጨው ጭኜ መጥቼ አራግፌ መመለሴ ነበር። ጎረቤት ሞተ ተባለ። ዝናቡ ደግሞ ይወርዳል። ረዳቴና እኔ ሸራውን ፈታንና በአራት እንጨት ወጠርነው፤ ለቀስተኛው ሥሩ ተቀመጠ። ሸራው ላይ የቀረው ጨው በዝናቡ እየሟሟ የሰዉ ነጠላ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እናቶች ዕንባቸውን ሲጠርጉ ከንፈራቸው ላይ የሚቀረው ጨው የዕንባው ይሁን የሸራው ማን ይለየዋል?»

ይህንኑ ታሪክ ረቂቁ ውስጥ ፈለግሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት፦ «ቅሬያችን በአነስተኛ ቁሳቁስ ሥራውን የጀመረ ሲሆን ከጊዜ ወደ ጊዜ አቅሙን በማጎልበት ዛሬ ለደረሰበት ደረጃ በቅቷል።» ሸራው፣ ጨውና ዝናቡ፣ ረዳታቸው ሳይቀር «አነስተኛ ቁሳቁስ» በሚለው ውስጥ ጠፍተዋል። ቅጂውን መልሼ አሰማኋቸው፤ ቀጥሎም የጻፉትን አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይኼኛውን የጻፈው ማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ መከራከር አላስፈለገንም።

ቅጂውን ቃል በቃል ገልብጬ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩት። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ ግን ንግግር ለሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ የምመክረው እሱን ነው። ሰው ሲናገር ዐረፍተ ነገሩ የሚያጥርበት፣ ትንፋሽ የሚወስድበት፣ አንድን ነገር የሚደግምበት ቦታ አለው። ወረቀት ላይ እንደ ጉድለት የሚታየው ድግግሞሽ ለሰሚው ማረፊያ ነው። አንባቢ ያልገባውን ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል፤ አድማጭ የሚመለስበት ቦታ የለውም፤ ተናጋሪው ራሱ ካልመለሰው በቀር።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰሚው ነገሩ ሆነ ወይስ አልሆነ፣ ተደገፈ ወይስ ተነቀፈ የሚለውን የሚያውቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተነገረውን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃል። በጽሑፍ የሚያምር ረጅም ዐረፍተ ነገር በአዳራሽ ውስጥ ሰሚውን የሚያደክመው ለዚህ ነው። የጋሼ ረቂቅ ስለ ግንባታው እንዲህ ይል ነበር፦ «በቅሬያችን አባላት መዋጮ፣ በወጣቶቻችን ጉልበትና በበጎ ፈቃደኞች ድጋፍ የተጀመረው የዚህ አዳራሽ ግንባታ በተለያዩ ምክንያቶች ሲጓተት ከቆየ በኋላ በአባላቱ ያላሰለሰ ጥረት ዛሬ ለምርቃት በቅቷል።» ከቅጂው ያወጣነው ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ገንዘቡን እናንተ አዋጣችሁ። ብሎኬቱን ልጆቻችሁ ተሸከሙ። ሲሚንቶ ጠፋና ሥራው ቆመ። እንደገና ተነሣ። እንደገና ቆመ። ይኸው ቆሞ አልቀረም።»

በሁለተኛው ውስጥ ሠራተኞቹ ይታያሉ። «ተደርጓል»፣ «ተከናውኗል»፣ «ተመቻችቷል» የሚሉ ቃላት ባለቤት የላቸውም። መግለጫ ውስጥ ባለቤት አለመጥቀስ ይመች ይሆናል፤ ብሎኬት የተሸከመው ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ግን «ግንባታው ተከናውኗል» ማለት ልጁን መካድ ነው። ተማሪዎቼንም የምይዛቸው በዚህ ነው። አድራጊው ሰው ከሆነ ሰውየው ይጠቀስ።

ከረቂቁ ሳልነካ የተውኩት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ይህ አዳራሽ የእኛ አይጠየፍ ነው።» ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ለግብር ያሠሩትን አዳራሽ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚለቀስበትና ለሚደገስበት ቤት ከዚህ የተሻለ አባባል እኔ ራሴ አላገኝም ነበር። ጋሼ ግን «ይኼ ትንሽ እንደ ጨዋታ አይሆንም?» ብለው ሊያወጡት ፈልገው ነበር። እምቢ አልኩ። በአራት ገጽ ውስጥ የራሳቸው ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ይኸው አንድ መስመር ነበር።

ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ደግሞ ተከራከርን። ረቂቁ «ድር ቢያብር»ም፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ»ም፣ ሌሎችም ተደርድረውበታል። ምሳሌ እወዳለሁ፤ ሥራዬም ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ ሲጀመር ሰሚው በሆዱ ይጨርሰውና አእምሮው ይሄዳል። እኔ ሁሉም ይውጣ አልኩ። ጋሼ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ይቆይ አሉ። ምክንያታቸውን ስሰማ ተስማማሁ፤ ከመዋጮው ታሪክ ቀጥሎ ሲመጣ ሰሚው ቁጥሩን ከራሱ ኪስ ጋር ያገናኘዋል፤ ጌጥ ሆኖ የገባ ምሳሌ አይደለም።

ሰላምታው ቀላል ይመስላል፤ ከቀሪው ያላነሰ ጊዜ ወስዷል። ረቂቁ የክብር እንግዶችን ማዕረግ በመዘርዘር ግማሽ ገጽ ይጨርስ ነበር። ዝርዝር ሲበዛ የተረሳ ሰው ይቀየማል፤ የተጠራውም አይሰማውም። ጋሼ በራሳቸው መንገድ አሳጠሩት፦ «ሰላም አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። የሃይማኖት አባቶቻችን፣ እንግዶቻችን፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ።» ሁለቱን ሰላምታዎች ለየብቻ፣ በመካከላቸው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ትተው እንዲሉ ተነጋገርን። «ወአለይኩም ሰላም» የሚለው መልስ ሳያልቅ «ጤና ይስጥልኝ» ከተባለ ሁለቱም ይበላሻሉ። በእኛ አገር ሰላምታ ሳይመለስለት የሚያልፍ ተናጋሪ መጀመሪያውን አጣ ማለት ነው።

ከባዱ ክፍል የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ነበር። ጦርነቱ ከተማችን ድረስ የመጣበትን ጊዜ ረቂቁ «በወቅቱ በነበረው የጸጥታ ችግር የቅሬው እንቅስቃሴ ተስተጓጉሎ ነበር» ብሎ አልፎታል። ቅጂው ላይ ደግሞ ጋሼ ብዙ ነገር ተናግረዋል፤ እዚህ የማልጽፈውን ጨምሮ። ሁለቱም ለአዳራሹ አይሆኑም። የመጀመሪያው ያን ወቅት በዚያ ከተማ ላለቀሰች እናት ስድብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁስሉን ሰው በተሰበሰበበት መክፈት ነው፤ ማልቀስ የማትፈልገውንም እናት ያስለቅሳል፤ ከፊሉን አድማጭም ወደ ክርክር ይወስዳል። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀረን፦ «ድንኳን መትከል ያልቻልንበት ጊዜ ነበር። ጥሩምባ ሳይነፋ የቀበርናቸው አሉ። ዛሬ ስማቸውን ከሌሎቹ ጋር አብረን እንጠራለን።» ከዚህ በኋላ ትንሽ ዝም ማለት እንዳለባቸው ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩም። ያለቀሰ ሰው የት ዝም እንደሚባል ያውቃል።

የመጀመሪያው ሙሉ ጽሑፍ ጮክ ብለው ሲያነቡት ወደ ሃያ ደቂቃ ተጠጋ። መርሐ ግብሩ የሰጣቸው ዐሥር ነው፤ ቄሱ ከባረኩና ሼሁ ዱአ ካደረጉ በኋላ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት። የኮምቦልቻ ቀትር እንደ ደሴ አይደለም፤ አዲስ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው ቶሎ ይዝላል። ጨክነን ቆረጥን። ቅሬው በመተዳደሪያ ደንቡ የተጨቃጨቀበት ታሪክ ወጣ። የክፍለ ከተማ ጉዳይ ወጣ። ድግስ የሚያበስሉት እናቶች ታሪክም፣ ያማረ ቢሆንም፣ ከጊዜው አንጻር ይቅር ብለን ሁለታችንም ተስማማን።

ጽሑፉ አለቀ ስንል ዋናው ጥያቄ መጣ፤ እንዴት ይቅረብ? ጋሼ በቃል ሊያጠኑት ፈለጉ። ከወረቀት የሚያነብ ሰው የማያውቀውን የሚናገር ይመስላል ብለው ያምናሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደማልስማማ ለማሳየት ለተማሪዎቼ የማሳየውን ፊልም በስልኬ አሳየኋቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉት ንግግር ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ደሴ ነበሩ። ጄኔቭ ላይ ፈረንሳይኛ መናገር ይችሉ ነበር፤ አማርኛን መረጡ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሲረብሿቸው መልስ አልሰጡም፤ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁና ንግግራቸውን ከወረቀት አነበቡ። እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ፣ ተተርጉሞ፣ በመንግሥታት መዝገብ የሚቀመጥ ስለሆነ ከወረቀት መነበብ ነበረበት። ማንበባቸው ክብራቸውን አልቀነሰውም።

ጋሼ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አዩት። የገረማቸው ግን ንባቡ ሳይሆን ጥበቃው ነው። «አየሽ አልተጣደፉም» አሉኝ።

በተቃራኒው ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ አለ። ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይዞ ቆመ፤ ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው «ሕልም አለኝ» የሚለው ክፍል ግን በያዘው ወረቀት ላይ አልነበረም። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ስለዚህ ሳትዘጋጅ ከልብህ ተናገር» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ያንን የሕልም ክፍል ከዚያ በፊት በሌሎች ከተሞች፣ ዲትሮይት ላይም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ተናግሮት ነበር። ወረቀቱን ትቶ የተናገረው ደጋግሞ የተናገረውን፣ አፉ ላይ የበሰለውን ነው። ጋሼ የሸራውን ታሪክ ስንት ዓመት ሲያወሩት ኖረዋል! እሱን ከወረቀት ማንበብ ማለት በቡና ላይ የሚያወሩትን ጨዋታ ማሰር ነው። በቃል ማጥናት ደግሞ የባሰ ነው። የተጠና ንግግር አንድ ቃል ሲጠፋ ቀጣዩም ይጠፋል፤ ተናጋሪው ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ፍለጋ ይጀምራል፤ ሰሚው ስለ ንግግሩ ትቶ ስለ ሰውየው መጨነቅ ይይዛል።

ነገሩን የፈታው ከዘራው ነው። ጋሼ ከዘራ ሳይይዙ አይቆሙም። ያለ ከዘራ ሲቆሙ እጃቸው የት እንደሚገባ ይጠፋቸዋል፤ ከዘራውን ተደግፈው ሲቆሙ ግን ትከሻቸው ይረጋል፤ ሽማግሌ ሸንጎ ላይ እንደሚቆመው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ እጅ ለከዘራ ከሆነ የሚቀረው አንድ እጅ ነው። በአንድ እጅ አራት ገጽ መገልበጥ አይቻልም፤ አንድ ጠንካራ ካርድ መያዝ ግን ይቻላል። በካርዱ ላይ ያለ መነጽር እንዲታይ በወፍራም ማርከር ጥቂት ቃላት ጻፍኩ፦ ሸራው። መዋጮው። ብሎኬቱ። ድንኳን ያልተተከለበት ጊዜ። አይጠየፍ። ከእነዚህ ቃላት እያንዳንዷ ጋሼ ራሳቸው የሚያውቁትን ታሪክ ትከፍታለች። መግቢያውንና የመጨረሻዎቹን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ በቃል ያዙ፤ ሰው ሲጀምርና ሲጨርስ ነውና የሚንተባተበው።

ስሞቹ ግን ከወረቀት እንዲነበቡ አጥብቄ ጠየቅሁ። ቅሬው ከተመሠረተ ጀምሮ ያረፉ መሥራች አባላትና ጥሩምባ ሳይነፋላቸው የተቀበሩት ስማቸው ይጠራል። ጋሼ «እነሱንማ በሕልሜም አልስታቸው» ብለው ነበር። አውቃለሁ፤ ያውቋቸዋል። ግን አንድ ስም ብትዘለል ያቺ ቤተሰብ ከዚያ አዳራሽ ምን ይዛ ትወጣለች? ታሪክ ቢዛነፍ ይታረማል፤ በዚያ ቀን ያልተጠራ ስም ግን ነገ ቢጠራ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዝርዝሩ ከቅሬው መዝገብ ጋር ተመሳከረ፤ የቤተሰብ አባላት ተጠየቁ። በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ መስመር አንድ ስም፣ ከነአባት ስም፣ ሀጂውም ቄሱም እማሆይዋም ከነማዕረጋቸው ጻፍኳቸው። የቅደም ተከተሉ ነገር እንዳያከራክር ባረፉበት ጊዜ ተራ ሄድን። ወረቀቱ በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈ ነው፤ ገጹ የሚያልቀውም ስም ሲያልቅ ነው እንጂ የአባት ስም ወደ ቀጣዩ ገጽ አይሻገርም።

ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሌላ፣ ላልቶ ሌላ እንደሆነ ሁሉ የሰው ስምም ጠብቆ የሚጠራውን ሲያላሉት የሌላ ሰው ይሆናል። በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁ። ጋሼ «ለዚህ ነው ለካ ቀዩ!» አሉ። ለንባብ የሚዘጋጅ ማንኛውም ጽሑፍ ላይ፣ በተለይ በማያውቁት ሰው ስም ላይ፣ ይህን ማድረግ ከብዙ እፍረት ያድናል።

ልምምዱን ባዶው አዳራሽ ውስጥ አደረግን። ግድግዳው እርቃኑን ሲሚንቶ ነው፤ ወንበር ገና አልገባም። ድምፃቸው ግድግዳው ላይ እየነጠረ ይመለስና በቀጣዩ ቃል ላይ ይወድቃል። ሰው ሲሞላ እንደሚቀንስ አስረዳኋቸው፤ ልብሱም ሰውነቱም ድምፅ ይውጣል። ቢሆንም በመጀመሪያ ፈጠኑ። «ቀስ ይበሉ» ማለት ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ሰው በድንጋጤው መካከል ቀስታን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ሥራውን ለአዳራሹ ሰጠን፤ የመጨረሻው ቃል ከግድግዳው ተመልሶ እስኪጠፋ ድረስ ቀጣዩን እንዳይጀምሩ። ጋሼ ወዲያው ገባቸው። «ገባኝ፣ ገባኝ። ሐረጎን ከነጭነቱ ስትወርጂ ነው። ከላይ በትንሽ ማርሽ ካልጀመርሽ ታች ፍሬን አያቆምሽም።» ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወረድበት ቁልቁለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልፈጠኑም፤ እኔም ስለ ፍጥነት ደግሜ አላነሣሁም።

በምርቃቱ ዕለት ማይክሮፎኑ ገና ሲከፈት ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት አወጣ። የድምፅ ሠራተኛው እስኪያስተካክል ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆሙ። አልነኩትም፣ «ሄሎ ሄሎ» አላሉም፣ ይቅርታም አልጠየቁም። ሰላምታቸውን ሰጡ፣ መልሱን ተቀበሉ፣ ወደ ሸራው ገቡ። ጨው የተንጠባጠበባት አንዲት እናት ዛሬም በሕይወት አሉና ከፊት ወንበር ሆነው «እውነት ነው!» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ።

ለስሞቹ ሲደርሱ ካርዱን ኪሳቸው ከተቱ፤ ከዘራውን ከትምህርት ቤት በተዋስነው አትሮኖስ ላይ አስደገፉ፤ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ይህን ሁሉ አላቀድንም፤ ከዘራና መነጽር ያለው ሰው ወረቀት ሲያነብ ግድ የሚያደርገው ነው። ሰዉ ግን የሚመጣው ሌላ ነገር መሆኑ ገባው፤ ከኋላ የሚንሾካሾኩት ወጣቶች ሳይቀሩ ዝም አሉ። በየስሙ መካከል ምንም አልተናገሩም። መጨረሻ ላይ ብቻ «አላህ ይዘንላቸው። ነፍስ ይማር» አሉ፤ ሕዝቡም በየአፉ ተቀበለ።

ከዚያ የመዝጊያው ዐረፍተ ነገር መከተል ነበረበት። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ኋላ፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከቱ። እናቶቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እናንተ ግቡ እንጂ! የማንን ቤት ነው በር ላይ የቆማችሁበት?» አሏቸው። ጊዜ የለም ብለን ያስቀረነውን የእነሱን ታሪክ በሁለት ደቂቃ ተናገሩት፤ በአንድ ሌሊት የሐዘን እንጀራ የጋገሩበትን፣ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ዕቃው እንዳይቀላቀል በየራሱ ምልክት ያደረጉበትን። ከንግግሩ ሁሉ የበለጠ ጭብጨባ የተቀበለው ይኸው ነው። ጊዜው ከዐሥር ደቂቃ አለፈ፤ ማንም ሰዓት አላየም። ተናጋሪው በሩ ላይ ቆመው ያያቸውን ሰዎች ከቤት ሆኖ የሚያዘጋጅ አርታኢ ሊያያቸው አይችልም፤ ይህን መወሰን የተናጋሪው ፈንታ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ለዓመታት አፋቸው ላይ የኖረ ነው።

አሁን የቅሬው ጸሐፊ ንግግሩ በመዝገብ እንዲቀመጥ ጠይቋል። ረቂቁን አልሰጠሁትም። የተዘጋጀው ጽሑፍም ሙሉ አይደለም፤ የእናቶቹ ክፍል የለበትም። አንድ ተማሪዬ በስልኩ የቀዳውን እያዳመጥኩ፣ ጋሼ የተናገሩትን እንደተናገሩት እየገለበጥኩ ነው። ስሞቹ ዘንድ ሕፃን ያለቀሰበት ቦታ አለ፤ አንዱ ስም በደንብ አይሰማም። እሱን ከዝርዝሩ አረጋግጬ እሞላለሁ፤ ጋሼም አንብበው ሲፈርሙበት ለጸሐፊው አስረክባለሁ።